የዘሃራ የኖርዌይ ሻንጣ

ከአገር ርቀን በምንኖርባት በአውሮራ ከተማ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ጎረቤቴ ዘሃራ ወፍራም የስኖው ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ስትከት በመስኮት አየኋት። ባሏ ከማልም በረንዳ ላይ በስልክ «ኖርዌይ» ሲል ሰምቻለሁ። ጠቅልለው ሊሄዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እዚህ ሲያመኝ የምታስታምመኝ እሷ ብቻ ናት። አላስችል ቢለኝ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ስኳር አልቆብኝ ነበር» አልኩ፣ ዓይኔን ሻንጣው ላይ ተክዬ።

«ትናንት ወስደሽ የለም እንዴ፣ አንቺ ሴት?» ብላ ሳቀች። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተዋል። «ኦስሎ ሙዚየሙን አይተን፣ ከዚያ መኪና ሬንት አድርገን ወደ በረዶው ተራራ እንነዳለን። ለሁለት ሳምንት ነው።»

እፎይ! ነፍሴ መለስ አለች። ልወጣ ስል የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እስክንመለስ ጠብቂልን። በሩ ላይ ካሜራ ልናስገጥም ነበር፤ ከማል ግን ‹እሷ እያለች ምን ያደርግልናል?› አለኝ።»