አራተኛውን ቅጽ ይዞ የሄደው ልጄ

ጊዜው ስለራቀ አንዳንዱን ተሳስቼ ይሆናል። በደርግ ዘመን ልጄ ኤርሚያስ ከሆሳዕና ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ መምህሩ ያዋሱትን የእንግሊዝኛ የዘንዶ ልብ ወለድ አራተኛ ቅጽ ይዞ ሄደ። በቅጹ መጨረሻ ላይ ጀግናው ልጅ ይሞታል። ብዙ ሰው የማያውቀውን መምህሩ የነገሩኝ ልጄ ከሄደ በኋላ ነው፤ አንባቢዎች ቢለምኑት ደራሲው በአምስተኛው ቅጽ ልጁን አስነስቶታል።

አንድ ቀን ሾኔ ገበያ ውስጥ የማላውቀው ወታደር እጄን ያዘኝ። ደነገጥኩ።

«አባባ፣ የኤርሚያስ አባት ነዎት? ቁርጥ እሱን! ምሽግ ውስጥ መጽሐፉን እየተረጎመ ይተርክልናል። መጨረሻ ላይ ጀግናውን ልጅ ስለገደለብን እስካሁን አኩርፈነዋል።»

«ልጁ አልሞተም በለው፤ ደራሲው ተለምኖ መልሶታል» አልኩት።

ወታደሩ እጄን ለቀቀና፣ «ለእኛስ ማን ይለምንልን?» አለኝ።

የልጄን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።