ዐሥር ሰዓት ላይ የሚደርቀው ታንከር

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰሞኑን የልጅ ልጄ የሂሳብ መስመር እያሰመረች፣ «እማማ፣ እኩልታው ውስጥ ዋይን (y) ብቻዋን ማስቀረት ምን ይጠቅማል?» ብትለኝ ነው ትዝ ያለኝ።

አክስቴ እትዬ ጥሩነሽ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት አገር፣ ዋራበሌ የሚባል የካሚዮን ማረፊያ ላይ ለሾፌሮች ምግብ ቤት ነበራት። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ እዚያ ሳህን አጥባለሁ፤ ሳህኑ ሲያልቅ ከጎረቤት በተዋስኩት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ሂሳብ አጠናለሁ። በግል ለመፈተን የአሳዳጊ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። እሷ ግን፣ «መጽሐፉ ውሃ ይቀዳል?» ትለኛለች።

ሐምሌ ነው፤ ትኩሱ ንፋስ አሸዋ ወጥ ውስጥ ይከታል። የምግብ ቤቱ የውሃ ታንከርም አርፍደው የሚመጡት ሾፌሮች እጃቸውን ሳይታጠቡ ይደርቃል። መቼ እንደሚያልቅ ላውቅ ዱላ እየነከርኩ ለካሁት። ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዜሮ ብዬ መቁጠር ስጀምር፣ ሞልቶ መቶ ሳንቲሜትር ነው፤ በየሰዓቱ ዐሥር ያህል ይወርዳል። ሰዓቱን በዐሥር አብዝቼ ከቀረው ውሃ ጋር ስደምረው መቶ ይመጣል። ሰዓቱን ከእኩል ምልክቱ ማዶ አሻግሬ መደመሩን ወደ መቀነስ ቀየርኩ፤ ውሃው ብቻውን ቀረ። በስኳር ከረጢት ወረቀት ላይ ሳሰምረው መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ዐሥር ላይ መሬት ነካ።

«እትዬ፣ ውሃው ዐሥር ሰዓት ላይ ያልቃል።»

«ውሃ የሚያመጣውን ቦቴ ለዐሥር እጠራዋለሁ። ልክ ከሆንሽ እፈርማለሁ።»

በማግስቱ ቦቴው ረፋዱ ላይ መጣ። ታንከሩ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለነበረው ባለቦቴው ስቆብን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሲደርቅ አንድ ሾፌር በወጥ የተነከረ እጁን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ ልላሰው እንዴ?» አለ።

«ይኸው የመጽሐፍሽ ውሃ» አለችኝ እትዬ።

«ለምን ጠዋት ጠራሽው?»

«ዐሥር አላልሽም? መጽሐፉ የፈረንሳይ ነው፤ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የፈረንሳይ መስሎኝ ነዋ።»

እኔ ደግሞ የቆጠርኩት ከንጋት በሚጀምረው በእኛ ሰዓት ነበር። ወረቀቱን አምጥቼ እኩልታውን በፈረንሳይ ሰዓት እንደገና ጻፍኩት፤ ንጋት በእነሱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ መቶው መቶ ስድሳ ሆነ። አዲሱን መስመር ከፊተኛው ጎን አሰመርኩ። ቁልቁለታቸው አንድ ነው፤ ይሄኛው ግን ዐሥራ ስድስት ላይ ያርፋል። እትዬ በጣቷ ተከተለቻቸው።

«ሁለቱም ያው ውሃ ነው?»

«ያው ውሃ ነው።»

ለልጅ ልጄም ይህንኑ ነገርኳት፦ ዋይን ብቻዋን ስታስቀሪያት ምን ያህል እንደቀረሽ ታያለሽ፤ ከየት መቁጠር እንደጀመርሽ ግን ለሰው መንገር አለብሽ።

እትዬ ጥሩነሽ ቦቴውን ለዐሥራ ስድስት ሰዓት ጠራችው፤ በሰዓቱ ደረሰ። በሳምንቱ ምግብ ቤቱን ለአንድ ቀን ዘጋች። ሾፌሮቹ ምሳ ፍለጋ በሩ ላይ ሲቆሙ እኛ በአውቶቡስ ወደ ከተማ፣ ወደ ፈተና መመዝገቢያው ወርደን ነበር። ፈረመችልኝ።