በሞተሩ ገንዘብ የተሠራ ጥርስ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት የሱቋን በር ከመክፈቷ በፊት ከስፒሎቿ ጥቂቱን በከንፈሮቿ መካከል ትይዛለች። ደንበኛ ሲመጣ በዓይኗ ሰላም ትላለች፣ በእጇ «ዙሪ» ትላለች። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይሉላታል፣ ቁም ነገረኛነት መስሏቸው። እሷ ግን የምትደብቀው የፊት ጥርሷን ነበር። መቀስ አጠገቧ ተቀምጦ ክር በጥርስ መበጠስ የቆየ አመሏ ነው፤ አንድ ቀን ክሩ ጸናና ጥርሱ ተሰበረ።

ሐኪሙ ሥሩ ደህና ስለሆነ ሽፋን ይበቃዋል አላት። ጥርስ የሚመስለው ሽፋን ውድ ነው፤ የብረቱ ይረክሳል፣ ግን ከፊት ሲሆን ያብለጨልጫል። ግማሹን አስቀድማ ቀሪውን በየወሩ መክፈል ትችላለች። አለዚያም የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በመምህራቸው ፊት የሚሠሩበት ክሊኒክ አለ፤ ምልልሱ ቢበዛም ዋጋው ቀለል ይላል። ተማሪዎቹን መረጠች። የእነሱም ቢሆን ከአቅሟ በላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን በሌላ ከተማ የምትሠራው ልጇ ገንዘብ ላከችላት። የእናቷ የስፌት መኪና በእግር የምትረገጥ ናት፤ የእማዬ ጉልበት አለቀ፣ ሞተር ይገጠምላት ብላ። ሰፊዋ ገንዘቡን ይዛ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። በመጨረሻ እግሯ ወደ ሞተር ሻጩ ሳይሆን ወደ ክሊኒኩ ወሰዳት።

ጥርሱ አማረ። ግን ለማን ይታይ? ስቃ ብታሳየው «ከየት አመጣሽው?» ይከተላል። ስለዚህ ስፒሎቹ ከከንፈሯ አልወረዱም፤ ድሮ ስብራቷን ይሸፍኑ ነበር፣ አሁን ደግሞ ውበቷን።

አንድ ቀን ልጇ ሳትነግራት ከተፍ አለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ እግሯ የዱሮውን መርገጫ አገኘው።

«እማ፣ ሞተሩስ?»

ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትንሿ ትራስ ላይ ሰካች፤ ከዚያ ከንፈሯን ገለጥ አደረገች።

«ይኸውልሽ ሞተሩ።»

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ለጥርስ ነው ብትዪኝ እከለክልሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ለጉልበት ሲሆን መቀበል አያሳፍርም፣ ልጄ» አለች ሰፊዋ፣ ጉልበቷን እያሻሸች። «በዚህ ዕድሜ ለፈገግታ ስጪኝ ይባላል?»

አሁን ክር የምትቆርጠው በመቀስ ነው። ይህን ሁሉ ስታወራልኝ ብጽፈውም ግድ አልሰጣትም። «አንዷን ነገር ብቻ ዝለያት፣ አደራ» ብላኝ ነበር። ልጇ ከመምጣቷ በፊት ደውላ ሞተሩ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ሰፊዋ ስልኩን እንደያዘች ወደ ጎረቤቷ ሱሪ ሰፊ ሱቅ ሮጣ የእሱ ሞተር ጋ አስጠግታው ነበር። ልጇ ድምፁን ጥቂት አዳምጣ፣ «እሰይ እማዬ፣ ጉልበትሽ አረፈልኝ» አለቻት።