ነፋስ እጅ የለውም

እትዬ ማሚቴ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካመከኑት አበባ አንድም ያልታሰበ ፍሬ ወጥቶባቸው አያውቅም፤ የሚኮሩትም በዚሁ ነበር። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የሩዝ ምርምር ጣቢያችን ሥራቸው የሩዝ አበባ ማምከን ነው። ሩዝ ፎገራ ላይ ይዘራል እንጂ በጉለሌ ብርድ ምን ይሠራል የሚለን ሰው አይጠፋም። የምንፈልገውም ብርድ የሚችል ዘር ነው፤ በመስታወት ቤት ውስጥ አንዱን ዝርያ ከሌላው እናዳቅላለን።

የሩዝ አበባ ግን እንግዳ አይወድም። በእያንዳንዷ አበባ ውስጥ የወንዴ ዱቄት የያዙ ስድስት ቢጫ ቋቶች አሉ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ መስታወቱን ስታሞቀው ቅርፊቱ ይከፈታል። በዚያችው ቅጽበት ዱቄቱ ያብጥና ቋቶቹን ከጫፋቸው ይሰነጥቃቸዋል፣ ይረግፋልም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዱቄቱ ሙት ነው። አበባዋ ከራሷ ዱቄት አርግዛ ሰዓት ሳይሞላ ትዘጋለች። ስለዚህ ማዳቀል የፈለገ ሰው ከዋዜማው ቅርፊቱን በመቀስ ቆርጦ፣ ስድስቱንም ቋቶች ሳይፈነዱ በወረንጦ መልቀም አለበት፤ ማምከን የምንለው ይህን ነው። አንዷ ከፈነዳች ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

እትዬ ማሚቴ ይህን ሥራ የጀመሩት ሽሮ ሜዳ ላይ ሃያ ዓመት ጥልፍ ጠልፈው ነው። የሩዙን ዘለላ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በቅርፊቱ ውስጥ የቋቶቹን ጥላ ያዩና፣ ይቺ ነገ ትከፈታለች፣ ያቺ ከነገ ወዲያ ይላሉ። አይስቱም። ዓይናቸው እንዲህ የተባረከ ቢሆንም ምላሳቸው ግን ከመቀሳቸው ይብስ ነበር። እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሲያዩ ቁርስ ያልበላች መስሏቸው አያውቅም፤ አሳዳጊዋን ነው የሚሰድቡት።

አዲስ ሠራተኛ የምትፈተነው እንዲህ ነው። አንድ ዘለላ ታመክናለች፣ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፣ ዱቄት አይሰጠውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት ባዶ መሆን አለበት። በተቆረጠ ቅርፊት ውስጥ ፍሬ ከተገኘ፣ ወይ ቋት እጇ ላይ ፈንድቷል፣ ወይ ከውጭ ዱቄት ገብቷል። ፍሬውን አይቶ የትኛው እንደሆነ መለየት ለማንም አይቻልም። እትዬ ማሚቴ ግን መልሱን ሳያዩ ያውቁት ነበር። ልጆቹ ዱቄቱን ያስገባው ነፋስ ይሆናል ብለው ሲለምኑ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነው። ነፋስ እጅ የለውም።

ሦስት ልጆች በዚህ ተባረዋል። ሦስተኛዋ ታናሽ እህቴ ሊድያ ናት።

እኔ የጣቢያው ቴክኒሻን ስለሆንኩ ሊድያን ያስገባኋት እኔ ነኝ። በከረጢቷ አንድ ፍሬ ተገኘ። እትዬ ማሚቴ ሰው ሁሉ ለምሳ እስኪሰበሰብ ጠበቁና ያቺን ፍሬ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ዲቃላሽ ናት፤ ይዘሻት ሂጂ» አሏት።

ሰው ሳቀ። ሊድያ ከረጢቱ ጠርዙ ላይ ተቀዶ ነበር እያለች አለቀሰች፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስታነሳ እንኳን በሁለት እጇ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋችው እህቴ ብትሆንም ያልረሳሁት እኔ ነበርኩ።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ደበላ ለማምከኛው ክፍል አንድ ቋሚ ኃላፊ እንደሚቀጠር ተናገሩ። እትዬ ማሚቴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው፣ የሚጦራቸው ልጅ የለም፤ ቋሚነቱን እንዴት እንደሚፈልጉት ሁላችንም እናውቃለን። ለወጉ ያህል እሳቸውም እንደ ሌላው ይፈተኑ ተባለ። ሳቅ ብለው ዘለላቸውን አመከኑ፣ ከረጢቱን አልብሰው በመቆንጠጫ ዘጉት።

በማግስቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መስታወት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሌላው መደብ ያለው ሩዝ ተከፍቶ ቋቶቹ በየቅርፊቱ ጫፍ ተንጠልጥለዋል። አንድ ዘለላ ቆረጥኩ። የእትዬ ማሚቴን ከረጢት ገልጬ ሁለት ጊዜ አራገፍኩበት። ዱቄቱ በፀሐዩ ውስጥ ሲወርድ ይታይ ነበር። መልሼ ዘጋሁት፤ እጄ ከቶ አልተንቀጠቀጠም።

ከረጢቱ የተከፈተ ቀን አራት ፍሬ ተገኘ። አራቱም በተቆረጠ ቅርፊት ውስጥ አረንጓዴ ጫፋቸውን አውጥተዋል። ዶክተር ደበላ ደነገጡና፣ እዚህ ቤት ነፋስ አይጠፋም፣ ሌላ ዘለላ እንሞክር አሉ። ከልባቸው ነበር። እትዬ ማሚቴ ዘለላውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ብዙ ቆዩ። እነዚያ የሳቁት ሰዎች ሁሉ ቆመው ያዩአቸዋል።

«ነፋስ እጅ የለውም፣ ዶክተር» አሉ። «ዓይኔ ነው።»

ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ማታ ያደረግሁትን ለሊድያ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ ቆመች።

«ከረጢቴ ተቀዶ ነበር ስል አንቺም አላመንሽኝም» አለች።

እውነቷን ነው፣ አላመንኳትም ነበር።

በጥር ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። እትዬ ማሚቴ የአንዲት ዘመዳቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቀሚስ ጠርዝ ይጠልፋሉ። የሱቋ ባለቤት በኋላ እንደነገረችኝ ከዚያ ቀን ወዲህ አስፋልት ብቻቸውን አይሻገሩም፤ ታክሲ ሲሳፈሩ የሰው ክንድ ይይዛሉ። መርፌያቸውን ይዘው ክር የሚያስገባላቸው አላፊ አግዳሚ ይጠብቃሉ። ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ አወቁኝና ጠሩኝ።

«ትሕትና፣ አንገትጌሽ ላይ ክር አለ፤ አራግፊው» አሉኝ።

ወደ አንገቴ ብመለከት እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ ክር ናት። መንገዱን ተሻገርኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ዘለላውን፣ ሰዓቱን፣ ሁለት ጊዜ ማራገፌን።

«ዓይንዎ ምንም አልሆነም እትዬ። እኔ ነኝ ያደረግሁት» አልኳቸው።

ጥልፋቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አዳመጡኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም እሳቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ርኅራኄ ነበራቸው፤ እሱ ነው የገደለኝ።

«ሁሉም የሚያዝንልኝ ሰው አንድ ነፋስ ይዞልኝ ይመጣል» አሉ። «አንቺ ደግሞ ራስሽን ነፋስ አደረግሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ግን እኔ እንዲህ ያለውን ከማንም አልተቀበልኩም።»

በእህቴ ስም ማልኩላቸው። አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከዚያ መርፌዋንና ክሩን ዘረጉልኝ፣ ቀዳዳዋ አትታየኝም አሉ።

ክሩን በምራቄ አርሼ ሞከርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ ቀዳዳዋ የት እንዳለች እሳቸው በጣታቸው እያሳዩኝ በሦስተኛው አስገባሁላቸው።