ለቢያዝን የወረደ ሙሾ

ፈንታነሽ የገዛ ድምፅዋን ከባጃጅ ውስጥ የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቢቸና መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ የፈትል ዘንቢሏን ይዛ መንገድ ልትሻገር ስትል ነው። መጀመሪያ ከበሮ ተደበደበ። ቀጥሎ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር አጓራ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፦

በሬን ዘግቼበት፣ ነገ ና ስለው፣
ነገዬን ቀድሞ፣ አፈር ወሰደው።

ባጃጁ ውስጥ ያሉት ሁለት ወጣቶች አንገታቸውን እየወዘወዙ አብረው ይዘፍናሉ። ሙሾ እኮ ነው፤ እነሱ ይዘፍኑታል። ፈንታነሽ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ የባጃጁን ብረት በሁለት እጇ ያዘች።

"አጥፋው።"

"ምን ሆኑ እናቴ?" አለ ሹፌሩ እየሳቀ።

"አጥፋው አልኩህ። የሰው ሬሳ ላይ ነው የምትጨፍረው።"

ሹፌሩ ፊቷን አይቶ አጠፋው። እሱ ቢያጠፋው ግን ምን ዋጋ አለው? ያን ሰሞን ኔትወርክ ተለቆ ስለነበር ዘፈኑ ከፀጉር ቤቱም ከጁስ ቤቱም ይወጣ ነበር።

ፈንታነሽ ሙሾ አውራጅ ናት። በአዘቦት ቀን ጥጥ ትፈትላለች፤ ሰው ሲሞት ግን ቢቸና ያለ እሷ አልቅሶ አይወጣለትም። ቄሶቹ ሙሾ ይቅር እያሉ በየዓመቱ ይቆጣሉ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማቸዋለች፤ የራሳቸው ዘመድ የሞተ ቀን ግን ሰው የሚልኩት ወደ እሷው ነው። በዚህ ሥራ ስትኖር ሁለት ነገር አድርጋ አታውቅም። ለአንድ ሟች ያወረደችውን ለሌላ አትደግምም። "መገነዣ ነው፤ አንዱ ለብሶት ገብቷል" ትላለች። ከለቅሶ ቤት ከወጣች በኋላ ደግሞ ያንን ሙሾ በአፏ አታነሳውም። ልጆቿ እንኳ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉረው ሰምተዋት አያውቁም።

ይህኛው የቢያዝን ነበር። ቢያዝን የልጅነት ጓደኛዋ የሀብትነሽ አንድ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ አጣ፤ ሥራ ሲያጣ መጠጥ ለመደ፤ ከእናቱ ጋር ተኳረፉ። አንድ አመሻሽ መጥቶ በር ቢያንኳኳ ሀብትነሽ ንዴቷ አልበረደላትም ነበርና ከውስጥ ሆና "ነገ ና" አለችው። በማግስቱ ወደ ሞጣ ሲሄድ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገለበጠ።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ሀብትነሽ የፈንታነሽ ጆሮ ላይ ተደፍታ ነገረቻት። "እኔ በአፌ ልለው አልቻልኩም፤ አንቺ በይልኝ" አለቻት። የሙሾ አውራጅ ሥራ ይኸው ነው። ሐዘንተኛው ያቃተውን እሱን ሆና ትለዋለች፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ደረቱን ይመታል፣ ከዚያ ነገሩ እዚያው ይቀራል። "ሀብትነሽ እኮ ልጇ ላይ በር ዘግታ ነበር" ብሎ ከድንኳኑ ውጭ ያወራ ሰው አልተገኘም። በዚህ በዚህ የቢቸና ሰው ጨዋ ነው።

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሰው ነበር። ጺሙን ያሳደገ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያቀረቀረ ጎልማሳ። በዚያ አገር ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የአባት ዘመዶች የእናት ወገን መሰላቸው፤ የእናት ዘመዶች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ መሰላቸው፤ ፈንታነሽ የሀብትነሽ እንግዳ መሰላት። ንፍሮ ቀረበለት፣ ጠላ ተቀዳለት፣ መኝታ ተነጠፈለት። ሁለት ቀን ሙሉ ከፈንታነሽ አጠገብ ተቀመጠ፤ እዚያ ማን እንዳስቀመጠው ግን አታስታውስም። ሲሄድ ዝናብ ይዘንብ ስለነበር በመኪናው እስከ ቤቷ አደረሳት። መንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እሷም ሐዘን ቢበረታበት ነው ብላ አዘነችለት።

አሁን ያ ደግነት ጉድ አመጣባት። ባጃጁን ትታ በቀጥታ ሀብትነሽ ቤት ብትሮጥ፣ ሀብትነሽ ዘፈኑን ከሁለት ቀን በፊት ከጎረቤት ስልክ ሰምታ፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

"ሰውየውን ማን አመጣው?" አለቻት በሩ ላይ ቆማ።

"እኔ ምን አውቄ?"

"በመኪናው የሄድሽው አንቺ አይደለሽም? አገር ሁሉ አይቶሻል። ልጄን ሸጥሽው፣ ፈንታነሽ። ጆሮሽ ላይ የነገርኩሽን ሸጥሽው።"

ከዚያ የቆርቆሮ በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

በሳምንቱ ምንይሉ፣ ባለ ወፍጮው ሽማግሌ፣ ሞተ። የሱን ሙሾ የምታወርድ ሴት ከደብረ ወርቅ መጣች። ፈንታነሽ ማንም ሳይጠራት እንደ ማንኛዋም ለቅሶ ደራሽ ሄዳ ዳር ተቀመጠች፤ የምንይሉ ሴት ልጅ ከሌላ ሰው ጋር ስታንሾካሹክ ቆይታ ፈንታነሽን ስታይ ድምፅዋን ቀነሰች። ዱላ ቢያሳርፉባት ይሻላት ነበር። ማንም ከእንግዲህ ጆሮዋ ላይ ካልተደፋ እሷ ምን ልትል ነው? በንዴት ቤቷ ገብታ የያዘችውን ልቃቂት ግድግዳ ላይ ወረወረችው።

ተዘግቶ የሰነበተው የሞጣ መንገድ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ፈንታነሽ ወደዚያ ሄደች። ጥጥ የምትገዛው ከአቶ ይማም ሱቅ ነው፤ የአቶ ይማም ትልቋ ልጅ ዘሚራ ደግሞ ስልክ ከእጇ የማይለይ፣ ስለ ሙዚቃ የማታውቀው የሌለ ልጅ ናት። ፈንታነሽ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ዘሚራ ጥጥ እየመዘነች ያንኑ ዘፈን ከፍታለች።

"አጥፊው ልጄ።"

"እንዴ እትዬ ፈንታነሽ፣ ይህን ዘፈን እኮ የማይወድ የለም።"

"የማን ድምፅ ነው?"

"እሱማ የአገር ጥያቄ ሆኗል" አለች ዘሚራ፣ ሚዛኑን ትታ። "ናዳን ያውቃሉ? ትልቁ የሮክ ባንድ። አምና 'እረፍት ላይ ነን' ብለው ጠፉ። ከዚያ 'ስም አይጠሬ' የሚባሉ፣ ፊታቸውን በጆንያ የሸፈኑ፣ ድንገት ብቅ አሉ። ናዳዎች ራሳቸው በድብቅ የሚሠሩት ነው የሚል አለ፤ አይደለም የሚል አለ። እኔ የአድናቂዎቹ ቴሌግራም አድሚን ነኝ፤ አርባ ሺህ ሰው ቀን ከሌት ይከራከራል።"

"አንብቢልኝ።"

ዘሚራ አነበበች። አንዱ፣ ከበሮ መቺው ግራኝ ነው፣ የናዳውም ግራኝ ነው፣ አለቀ ደቀቀ ይላል። ሌላው፣ "በሬን ዘግቼበት" የተባለው ከባንዱ ለወጣው ዘፋኝ የተላከ የይቅርታ መልእክት ነው ብሎ አንድ ገጽ ተንትኗል። ሦስተኛው፣ ሴትዮዋ ውጭ አገር ያለች ታዋቂ ድምፃዊት ናት ብሎ ይምላል። ብዙ ልብ የተለጠፈለት ግን አራተኛው ነው፤ "ድምፁን የሠራው ኮምፒውተር ነው። ሰው እንዲህ አያለቅስም።"

ፈንታነሽ የጥጡ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"ሰው እንዲህ አያለቅስም አለ?"

"አዎ።"

"ይሄ ልጅ እናት የለችውም?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያንኑ ሙሾ አንድ ጊዜ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከለቅሶ ቤት ውጭ አለችው። ለማስረዳት ሌላ መንገድ አላገኘችም። ዘሚራ ስልኩን ጥጡ ላይ አስቀመጠችው። አቶ ይማም ከጓዳ ወጥተው፣ ነገሩ ሳይገባቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ዘሚራ የናዳን ልጆች ፎቶ አንድ በአንድ አሳየቻት። ሦስተኛው ላይ ፈንታነሽ ጣቷን ስልኩ ላይ ተከለች። "ይሄ ነው። ንፍሯችንን የበላው ይሄ ነው።" ባንተአምላክ ይባላል፤ የናዳ ጊታር መቺ። አርባ ሺህ ሰው የተከራከረበት ጉዳይ በአንዲት ፈታይ ጣት አለቀ።

ዘሚራ በቴሌግራም "የቢቸናዋ ሴትዮ እኔ ጋ ናቸው" ብላ ላከችለት። ሻይ ተፈልቶ ሳያልቅ ሰውየው ደወለ።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት? እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ" አለ። ፈንታነሽ ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እማማ መባሏም አንገበገባት።

"የጎጃም ልጅ ለቅሶ ቤት ገብቶ ይሰርቃል?"

"ስርቆት አይደለም። ሙሾ የሕዝብ ቅርስ ነው፤ ደራሲው አይታወቅም ብለን..."

"ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ አይታወቅም? እናቲቱ ፊት ለፊትህ መሬት ላይ ስትንከባለል አላየሃትም?"

ሰውየው ወሬ ለወጠ። "በግንቦት ኮንሰርት አለን። ያኔ ጆንያውን እናወልቃለን። እርስዎን መድረክ ላይ አውጥተን ስምዎን እንጠራለን። እስከዚያ ብቻ ዝም ይበሉልን።"

"ስሜን ምን ታደርግልኛለህ? ዘፈኑን ከኢንተርኔት አውርደው። ከዚያ ሀብትነሽ ዘንድ ደውልና 'ፈንታነሽ አላመጣችኝም፤ ማንም ሳይጠራኝ መጣሁ' በላት። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

"አሁን ከደወልኩ እኔ መሆኔ ይታወቃል። የስንት ሰው ልፋት ነው፤ ምስጢሩ ከወጣ..."

ፈንታነሽ ያኔ ጮኸች። ጮኻ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ነው፤ የዚያን ቀኑ ግን ከሥራዋ አልነበረም። "የናንተን ምስጢር በጆንያ ሸፍናችሁ የሷን በየባጃጁ ትነዛላችሁ? የናንተ ጨዋታ ነው። የሷ ልጅ ነው!" ስልኩን ለዘሚራ ወረወረችላት።

ዘሚራ ያን ከሰዓት ሁሉንም ጻፈች፤ ስም አይጠሬ ናዳ መሆኑን፣ ድምፁ ከለቅሶ ቤት ሳይጠየቅ የተቀዳ መሆኑን፣ እናትየው በሕይወት መኖሯንም። የሀብትነሽን ስም ብቻ ተወችው፤ ፈንታነሽ ስላስማለቻት። ቡድኑ በደስታ ተናጋ። "ብለን ነበር!" "ግራኝነቱ እኮ ያስታውቃል!" ከመጀመሪያው መስመር በታች ያነበበ ሰው አልነበረም። ዘፈኑ እስኪመሽ ድረስ በእጥፍ ተሰማ። አንዱ ብቻ "ለቅሶው የእውነት ከሆነማ ይበልጥ ያምራል" ብሎ ጻፈ። ዘሚራ ይህን ካነበበች በኋላ አድሚንነቱን ለቀቀች። አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ፈንታነሽ በማግስቱ በጉንደ ወይን፣ በደብረ ወርቅ አድርጋ፣ አቧራ ለብሳ፣ ከሚኒባሱ ወርዳ ቤቷ ሳትገባ ሀብትነሽ በር ላይ ቆመች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አንኳኳች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ፈንታነሽ። ሰውየውን አገኘሁት። ያንቺ እንግዳ መስሎኝ ነበር፣ ሀብትነሽ። ሁላችንም የሌላው እንግዳ መስሎን ነው። ለመንኩት፤ ተሳደብኩ፤ አያወርደውም።"

"ደክሞኛል" አለች ሀብትነሽ ከውስጥ። "ዛሬ የሰው ፊት ማየት አልችልም። ነገ ነይ።"

ፈንታነሽ ከበሩ አልተነሳችም። ሀብትነሽም ከውስጥ አልተንቀሳቀሰችም፤ ያለችውን ራሷ ሰምታዋለች። ጥቂት ቆይቶ መቀርቀሪያው ተሳበ።

ሀብትነሽ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ፍም መስሏል። "አጠገብሽ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለች። "የልጄ ጓደኛ መስሎኝ፣ እጁን ይዤ፣ 'እዚህ ተቀመጥ፣ ከዚህ በደንብ ትሰማዋለህ' አልኩት። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይህን አስባለሁ። እስኪ ማንን ልስደብ?"

"እኔን ስደቢኝ።"

"እሰድብሻለሁ! ምን አስቸኮለሽ? በመኪናው የሄድሽበትን መቼ ተውኩልሽ? ግቢ አሁን፤ የቀረሽን ውስጥ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ።"