ከችካሉ ወዲያ

ሌባሻይ ምን እንደሆነ እኔን ማንም አያስረዳኝ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ገብቶ ያውቃል። የጎረቤት በሬ ጠፋ ተባለና አንዱን ልጅ የሚያዞር መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በመቀነት አስረው፣ «ፈልግ» ብለው ለቀቁት። እሱም ሲንገዳገድ ሲንገዳገድ መጣና የአባቴ መደብ ላይ ተዘረረ። አለቀ! ሌባው አባቴ ሆነ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጮኸው፦ «መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ የደበቃችሁትን ያግኝ! እሱን ካገኘ ያኔ ሌባ በሉኝ!» ማን ሰምቶት? ላማችንን ነድተው ሄዱ።

እንግዲህ ጣሊያን ደሴን ከያዘ በኋላ፣ አንድ ቀን ባሌ ከኮምቦልቻ መጥቶ «ፈልጎ የሚያገኝ የብረት ቀለበት አቁመዋል፣ እኔንም ቀጠሩኝ» ሲለኝ ክው አልኩ።

ባሌ ከወረራው በፊት የስልክ ሽቦ ዘርጊ ነበር። ሽቦ ሲያይ ልቡ የሚቀልጥ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ! የምንኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእናቱ ጋር ሲሆን፣ አማቴ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። ሥራው ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። እዚያ አንዲት የእንጨት ቤት ጣራ ላይ እንደ ትልቅ ወንፊት ክፈፍ ያለ ቀለበት ተተክሏል አለኝ፤ አንቴና ነው የሚሉት። ከሥሩ አንድ ጣሊያን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ያሽከረክረዋል። ባሌ ደግሞ ድምፅ የሚልክ ሳጥንና ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ ከካሚዮን ይወርድና፣ ቀያሾች ችካል የመቱበት ኮረብታ ላይ ይቆማል። ሰውዬው ቀለበቱን ሲያዞር ሲያዞር ድምፁ ጥፍት የሚልበት አቅጣጫ አለ። ባሌ ያለው በዚያ በኩል ነው ማለት ነው።

«የት እንዳቆሙህ እያወቁ ምን ይፈልጉሃል?» አልኩት።

«ልኩን ሊያዩ ነዋ! የማረፊያው ቆርቆሮና የስልኩ ሽቦ ያሳስተዋል። እኔ ችካሉ ላይ ቆሜ ቀለበቱ ሌላ ቦታ ያሳያል። የሳተውን ያህል ይይዙና ያርሙታል። ከዚያ ወደ ሌላ ኮረብታ፤ ዙሪያውን እንዲህ ነው።»

አባቴ ትዝ አለኝ። ለሱ የነፈጉትን ፈተና ለብረት ይሰጡታል! ደሜ ፈላ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

«ከታረመ በኋላስ ምን ሊፈልጉበት ነው?»

«አውሮፕላን ጉም ውስጥ መንገድ ሲጠፋበት ወዲህ ና ሊሉት። ወላሂ፣ ሌላ የለውም።»

ባሌ ወላሂ ሲል ዐይኔን ነው የሚያየው። ያን ቀን ግን የእናቱን አልጋ ነበር የሚያየው።

ሰፈሩ ደግሞ ዝም አላለም። ባሌ ዘንጉን ይዞ የቆመበት ኮረብታ ሁሉ ሥሩ መንደር አለ፤ በየመንደሩ ጫካ የገባ ሰው ቤተሰብ አለ። ከአንዱ መንደር ወታደር መጥቶ ሁለት ወንድማማቾች ወሰደ። «ያ ሽቦ ዘርጊው እዚያ ከቆመ በኋላ ነው» ተባለ። በፊት ይሁን በኋላ ማን ልብ ብሎ? ውሃ ልቀዳ ስሄድ የሴቶቹ ወሬ ቀጥ ይላል። «እንዴት አደራችሁ?» ስል «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንስራቸውን ያያሉ። ድምፅ ጥፍት የሚልበት ቦታ እኔም ቆሜያለሁ ማለት ነው።

እኔስ ብሆን? ባሌ ኮቱን ሲያወልቅ ኪሱን እዳብሳለሁ። ጫማውን ገልብጬ ጭቃውን አያለሁ፤ ጥቁር ከሆነ ቦርከና ሜዳ ውሏል፣ ቀይ ከሆነ ወደ ተራራው ወጥቷል እያልኩ። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«ለመሆኑ የኮረብታዎቹን ስም ማን ነው የሚነግራቸው?»

«ካርታ አላቸው።»

«ካርታው ላይ የሌለውንስ?»

ተነስቶ ጋቢውን ከግድግዳው አወረደ።

«አንተ ሰው፣ ንገረኝ እንጂ!»

«ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» ብሎ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እንጀራ ሲጎርስ እንኳ እጠረጥረው ጀመር።

በዚህ መሀል የቅሬያችን ዳኛ መጡ። ቅሬ ማለት እኛ አገር እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ አጥቦ፣ ተሸክሞ፣ መቃብር ቆፍሮ የሚቀብር ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እናቱን ብቻውን ይቀብራል። ሽማግሌው በሩ ላይ ሆነው ለአማቴ ዱዓ አደረጉና ባሌን ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ። እኔ ምን ቸግሮኝ! ከግድግዳው ሥር ጆሮዬን ጣልኩ።

«ልጄ፣ ቅሬው ይውጣልን ይላል» አሉት። «እናትህ ያሉበትን ደግሞ ታያለህ።»

«አባቴ፣ በነቢ ይዤዎታለሁ! ማንንም አልጠቆምኩም። አውሮፕላን በጉም እንዳይጠፋ ነው እንጂ...»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ጉም ሲሆን አውሮፕላን አይወጣም። ጫካ ያሉት ወርደው የልጆቻቸውን ፊት የሚያዩት መቼ ይመስልሃል? የኔው ልጅ ቤቴ የሚመጣው መቼ ይመስልሃል? ጉም ሲወርድ ነው። የቀረን እሱ ነበር። አንተ ችካሉ ላይ ልክ በቆምክ ቁጥር ጉማችንን ነው የምታስወስድብን።»

እኒህ ሰውዬ አበዱ እንዴ? ልጃቸው በጉም እንደሚመጣ ለጠረጠሩት ሰው ይናገራሉ? ኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ። አላበዱም። ራሳቸው የደበቁትን ነው ያስቀመጡለት! ወሬው ጣሊያን ጆሮ ከደረሰ ወታደር የሚመጣው እሳቸው ቤት ነው፤ ያኔ ባሌ ማን እንደሆነ ይታወቃል። አባቴ ለምኖ ያጣው ፈተና ይኸው ነበር፤ የሚያስይዙት ግን የልጃቸውን አንገት ነው። ለባሌ አልነገርኩትም። እኔም ማየት ፈለግሁ።

በማግስቱ ባሌ ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «ዛሬ ከችካሉ ወዲያ ቆምኩ» አለኝ። «ካሚዮኑ ጥሎኝ ሲሄድ ከኮረብታው ጀርባ ወረድኩ። የተሳሳተውን ይዘው ነው የሚያርሙት፤ በጉም ጊዜ ቀለበቱ ያሳስታቸዋል። ነገም እንዲሁ አደርጋለሁ።»

«ቢደርሱብህስ?»

«ቢደርሱብኝማ ትሰሚያለሽ።»

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ደጃፍ ያለውን ጫማውን ገለበጥኩት። ጭቃው ያው የሁልጊዜው ጭቃ ነው። ከችካሉ ወዲህ ይሁን ወዲያ ጭቃ ምኑን ይናገራል!

አማቴ ያረፉት የጦሳን ተራራ ጉም በዋጠው ጠዋት ነው። ዐይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ባሌ ለቅሬው ሰው ልኮ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጠበቅን። አጣቢ የለም፣ ቃሬዛ የለም። በአጥር ላይ አንድ ራስ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ባሌ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ «እናቴን ብቻዬን ልቅበራት ነው?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ጊዜስ ማንንም ጠቁሞ ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

ኋላ ሽማግሌው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ከኋላቸው ሴቶቹ ከፈን ይዘው፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ተሸክመው። ሽማግሌው ባሌን አንገቱን አቅፈው፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ «ጉሙ ወርዶ ወጣ፣ ወርዶ ወጣ፤ ቤቴ ማንም አልመጣም» አሉት። ወታደር ማለታቸው እንደሆነ ባሌ አልገባውም። ስለ እናቱ የማጽናኛ ቃል መስሎት «ይስጥልኝ» አለ።

ሬሳው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ነው የአውሮፕላን ድምፅ የሰማነው። በጉም! ከዚያ በፊት በጉም ወጥቶ አያውቅም። ሁሉም ባለበት ደርቆ ቀረ። ከአናታችን በላይ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ፤ ከዚያ ኮምቦልቻን ወደ ኋላው ጥሎ፣ ወደ ጦሳ ማዶ እየራቀ ጠፋ። ሰው ሁሉ ባሌን ያየዋል። እሱ እኔን ያየኛል።

«በሉ አንሱ!» አሉ ሽማግሌው፣ የቃሬዛውን ፊተኛ እጀታ ራሳቸው ይዘው።

ባሌ ከእናቱ ጎን ከተቀበረ ቆይቷል፤ እሱንም የቀበረው ያው ቅሬ ነው። ሽማግሌው አንዴ ፈተኑት፣ አመኑት፣ በዚያው አበቃ። እኔስ? አውሮፕላኑን ያሳተው ባሌ ነው እላለሁ፣ ደግሞ ጉሙ ራሱ ቢሆንስ እላለሁ። ፍረዱብኝ ከፈለጋችሁ፤ አባቷ መደብ ላይ ሌባሻይ ሲወድቅ ያየች ልጅ ምን ታድርግ? ሥራውን እስከለቀቀባት ቀን ድረስ፣ እሱ ሰላት ላይ ሲቆም እኔ ጫማውን እገለብጥ ነበር።