ሁለት ችግኝ ታቅፌ ወደ ሆሳዕና

ጎህ ሲቀድ፣ ሺንሺቾ

አራስ ልጄን ጠይቄ ወደ ቤቴ ወደ ሆሳዕና ልመለስ ነው። አማቷ ሰው በባዶ እጅ አትሸኝም፤ ከጓሮዋ ሁለት የእንሰት ችግኝ ነቅላ፣ ሥራቸውን በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሲያድጉ እኔን አስቢኝ» አለችኝ።

የምተክልበት ጓሮ ሊያልቅ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት? ወንዶቹ ልጆቼ ታምራትና ኤርሚያስ የእንሰት ጓሮዬን ለሁለት ከፍዬ ቤት መሥሪያ እንድሰጣቸው ጠይቀውኛል። በእኛ አገር ልጅ ከወላጁ መሬት ይደርሰዋል። ዛሬ ማታ ላካፍላቸው ቃል ገብቻለሁ።

የሚኒባሱ ሹፌር ችግኞቹን አየና «እማማ፣ እነዚህም ተሳፋሪ ናቸው?» አለኝ።

«ሕፃናት ናቸው፣ እታቀፋቸዋለሁ።»

መኪናው በሳቅ ተነሣ።

ረፋድ፣ ዱራሜ

መኪና የምንቀይረው እዚህ ነው። አቮካዶ፣ ዝንጅብል፣ ሸንኮራ፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ። ቆጮ በአይብ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስለ ችግኞቹ በከምባትኛ ጠየቀችኝ፤ በሀዲይኛ መለስኩላት፤ ኋላ አማርኛ ላይ ተገናኘን።

አንጋጫ

ብርድና ጭጋግ። ግራና ቀኙ እንሰት፣ መሃል መሃሉን አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ድሮ አዲስ ቆርቆሮ ሳይ «አንዱ ጎጆ ወጣ» ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ችግኞቼን ጠበቅ አደረግኋቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና

የታምራት ልጅ ምሕረት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሥራዋ የከተማ ፕላን ነው። «አያቴ፣ ቤት ሳትገቢ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብላ ቢሮዋ ወሰደችኝ። ሦስተኛ ፎቅ! መታጠፊያው ላይ ሁሉ እያረፍኩ ወጣሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከተማችን በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍላለች፤ ቤቱ ቀይ፣ ጓሮው አረንጓዴ።

«ሰው ሁሉ ጓሮውን ለልጆቹ ቢያካፍል ከተማው ምን እንደሚሆን ያሰላል» አለችና ነካችው። ዓመታቱ ይሮጡ ጀመር። አረንጓዴው አለቀ፤ ቀዩ እንደ ፈሰሰ ወተት እየሰፋ ሄደ። ከቤት እስከ ገበያ ያለው መንገድ ረዘመ፣ ጭሱ በዛ፣ ዝናቡ መስረጊያ አጥቶ መንገድ ላይ ተኛ።

«ትንቢት ነው?»

«አይደለም አያቴ፣ ግምት ነው። እኛ እንደምናደርገው ይለወጣል።»

«እንግዲያው ለውጪዋ!»

እየሳቀች ቤቶቹ ወደ ላይ እንዲሠሩ አዘዘችው። አረንጓዴው ሳይነካ ቀረ፤ የገበያውም መንገድ አጠረ።

«አባቴ ግን ፎቅ አይሆንም ይላል። አንቺን ደረጃ አትወጣም ነው የሚለው» አለችኝ።

«ታዲያ አሁን እዚህ በምን መጣሁ?»

ማምሻ፣ ጓሮዬ

ልጆቼ መለኪያ ገመድ ዘርግተው ቆመዋል።

«ጠቅልሉት» አልኳቸው። «አሮጌው ቤት ባለበት ወደ ላይ ሥሩ። ታምራት ምድር ቤት፣ ኤርሚያስ መሃል፣ እኔ ከላይ።»

«እማዬ፣ አንቺ ከላይ?»

«ምሕረት ቢሮ ወጥቼ ነው የመጣሁት። ጠይቋት።»

ኤርሚያስ ሳቀ። «እኛን ከሰገነት ልትጠብቀን ነው!»

ታምራት አልሳቀም። «የእኔ ድርሻስ?» አለ።

«ቤቱም እንሰቱም እኩል የሁለታችሁ ነው። የልጆቻችሁም ነው።»

እንሰቱን ዞሮ አየ። ከዚያ «ደረጃው መደገፊያ ካልኖረው አልሠራም» አለና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

እኔም ለሁለቱ አንዳንድ ችግኝ አስታቀፍኳቸው። ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ እኔ አፈር መለስኩ። እጄን ሳልታጠብ ሺንሺቾ ደወልኩ።

«አማቼ፣ ልጆችሽ ቤታቸው ገብተዋል።»